የታሰረው እጅ

መላጊያው ከአናጢው እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አልተሰበረም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አላነሳውም፤ ቆሞ ቀኝ እጁን ያይ ጀመር። ጣቶቹ መላጊያውን መልቀቃቸውን ያወቀው በድምፁ ነው።

ሐኪሞቹ ልቡን ያዩት በዚሁ እጅ በኩል ነው። ከትናንት ወዲያ የእጁን አንጓ ወግተው፣ ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ አሳልፈው እስከ ልቡ ሰደዱ፤ የጠበበችውን ሥር ከፈቱለት። ትናንት ነርሷ፣ "ፋሻው ነገ ጠዋት ይወልቃል፤ ለሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳያነሡ" ብላ ሸኘችው።

ቤት እንደገባ ፋሻው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ደም አየ። ለሚስቱ አልነገራትም። ወደ ሱቁ ገብቶ፣ የወንበር እግር የሚያስርበትን ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አነሳና ፋሻው ላይ ጠመጠመው። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሳበ። ሙጫ የተቀባ እንጨት ጠብቆ ካልታሰረ አይያያዝም፤ ቶሎ ከተፈታም ይላቀቃል። አርባ ዓመት የሠራበት ነው። ሥጋ ከእንጨት የሚለይበት ምክንያት አልታየውም። ዛሬ ጠዋት ፋሻውን በማውለቅ ፈንታ አንድ ዙር ጨመረበት፤ እጅጌውንም አወረደ።

ሕመሙ ከአንጓው ተነሥቶ ክርኑ ድረስ ደርሷል። የልብ ሕመም በግራ ክንድ ነው የሚወርደው ሲሉ ሰምቷል። ይሄ ቀኝ ነው። በዚህ ራሱን ሲያጽናና አረፈደ። ግን ደግሞ ሐኪሞቹ መንገዱን በቀኝ ከፍተውት ከሆነስ?

"ሚሊሜትር!" አለ ሶፋ ሠሪው ከበሩ ላይ። የግድግዳ ጎረቤቱ ነው፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። "ዛሬ ደግሞ መላጊያ መወርወር ጀመርክ?"

"አመለጠኝ።"

"አንተን? ያንተ እጅ እንኳን መላጊያ የአሥር ዓመት ቂም አይለቅም።"

"ሥራ የለህም?"

"ያንተን የወንበር እግሮች እየጠበቅኩ ነዋ! ፊትህ ምን ሆኗል? አመድ መስለሃል እኮ።"

"ደህና ነኝ አልኩህ።"

"አላልከኝም። ገና አሁን ማለትህ ነው።" ሶፋ ሠሪው መላጊያውን አንሥቶ አቀበለው። ጣታቸው ሲነካካ ሳቁ ጠፋ። "ወንድሜ፣ እጅህ እንደ ቧንቧ ቀዝቅዟል!"

በዚህ መሐል ሚስቱ የቀትር ክኒኑንና ውኃ ይዛ ገባች።

"እህቴ፣ ነይ እስኪ የዚህን ሰው እጅ እዪው" አላት ሶፋ ሠሪው።

"ምነው ምላስህን በቆረጠው!" አለ አናጢው።

ሚስቱ ብርጭቆውን አስቀምጣ እጅጌውን ሰበሰበችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ደም አየሁ።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትደነግጫለሽ ብዬ።"

"አሁንስ ምን የማደርግ ይመስልሃል? የምጨፍር?" እጇን ወደ ላስቲኩ ስትሰድ ክንዱን ወደ ደረቱ ሸሸገ።

"አትንኪው! ከፈታሽው ይፈስሳል። ከልብ ነው የሚመጣው!"

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አውጥታ ደወለች፤ ስልኩንም ሁሉም እንዲሰሙት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አባባ፣ ጣቶችዎ ምን ይመስላሉ?" አለች ነርሷ።

"ነጣ ብለዋል። ጥፍሮቹ ሰማያዊ ይላሉ።"

"ሲነኩ ይሰማዎታል?"

"ትንሿ ትሰማኛለች። አውራ ጣቴ ግን የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ።"

"ምን ታስሮበታል?"

"ላስቲክ።"

"ማነው ያሰረው?"

"እኔ።"

"አሁኑኑ ይፈታ። ቀስ እያላችሁ። ደም ከመጣ ቀዳዳው ላይ በጣት አጥብቃችሁ ጫኑና አምቡላንስ ጥሩ። ባይመጣም ይምጡ። ነገ አይደለም አባባ፣ አሁን። የደም ሥሩ ተደፍኖ እንደሆነ መታየት አለበት።"

ሚስቱ ቋጠሮውን ብትፈልግ አጣችው። እሱ ለአፍታ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ዘረጋላት።

"ጫፉ ከሥር ነው" አለ። "በአውራ ጣቴ በኩል።"

ሰባት ዙር ነበር። የመጨረሻው ሲላቀቅ ሦስቱም አንጓው ላይ አጎነበሱ። ደም አልመጣም። ያቺው የሽምብራ ፍሬ ደርቃ ቡናማ ሆናለች። ወዲያው እጁን ሺህ መርፌ ወጋው፤ ጥርሱን ነከሰ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ቀስ በቀስ ቀሉ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንደነጡ ቀሩ።

"ይኸው፣ እየተመለሰ ነው" አለ ላቡን እየጠረገ። "እነዚህን እግሮች ላጠናቅቅና ነገ በማለዳ..."

ሚስቱ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ ነቀለችና በነጡት ሁለት ጣቶቹ መካከል አኖረችለት።

"ያዛት" አለችው።

እርሳሷ ወደቀች።

ሶፋ ሠሪው "ታክሲ ላቁም" ብሎ ወጣ።

አናጢው ሱቁን ለማንም አስቆልፎ አያውቅም። ራሱ ይቆልፋል፤ ከቆለፈ በኋላም በሩን ሦስት ጊዜ በትከሻው ይገፋል፤ ጥቂት ርምጃ ሄዶ ተመልሶ አንድ ጊዜ ይደግማል። ሰፈሩ የሚስቅበት አመሉ ነው። አሁን በግራ እጁ ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉን አወጣና ለሚስቱ ሰጣት።

እሷ ስትቆልፍ ቀኝ እጁን በግራው ታቅፎ ጠበቃት። ቁልፉ ሲዞር ሰማ። ሚስቱ ከበሩ ዘወር ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

በሩን አልገፋውም። ታክሲው ወደቆመበት ቀድሟት ሄደ።