ወገብ ያወጣው ዳንቴል

ወረደ ጉሙ… ከጦሳ ተራራ ወረደ፣ ደሴን ሊያለብስ ወረደ።

ጣሪያውን አለበሰ። ባሕር ዛፉን አለበሰ። የመስጊዱን ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አለበሰ። የሀብታም ልጅ ይመስል እየተጎማለለ ሰፈር ለሰፈር ዞረ፤ ማንም አልከለከለው። ዞሮ ዞሮ ዘርትሁን ግቢ ገባ።

ገባና ቆመ።

ገመዱ ላይ ዳንቴል ተሰጥቶ ነበራ!

ነጭ ነኝ ሲል ከሱ የነጣ አየ ጉሙ። ስስ ነኝ ሲል ከሱ የሳሳ አየ። ያኛው አበባ አለው፣ ቅጠል አለው፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ አለው… እሱ ምን አለው? አፈረ ጉሙ። በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረደ።

ደሴ ላይ ረፋዱን ጉም የሚገፈፈው ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። የዘርትሁንን ዳንቴል ያላየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ዘርትሁን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ኦፕሬተር ነበረች። ጡረታ ወጣች፣ ጣቶቿ ግን ጡረታ አንወጣም አሉ። ኪሮሽ አስያዘቻቸው። ያን ጊዜ ጀመረ ጉዱ።

ቴሌቪዥኑን አለበሰች። ራዲዮኑን አለበሰች። ፍሪጁን፣ የሶፋውን ክንድ፣ የውሃ ጀሪካኑን አለበሰች። የመብራት ቆጣሪው እንኳ ባለዘርፍ ቀሚስ አለው፤ ቆጣሪ አንባቢው ሰውዬ አንገቱን አቀርቅሮ፣ “ይቅርታ እትዬ” ብሎ ነው ገልጦ የሚያነበው።

ከአዲስ አበባ ነጋዴ መጥቶ ደጇ ላይ ሲለምን ዋለ ይባላል። ሌላው ደግሞ ከጅቡቲ። ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው።

ለገበያ አይደለም። ለጣት ደስታ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረንዳውን ስትይዝ፣ ሁለት ዱካ ለመቀመጫ ይወጣል። አንዱ የሷ፣ አንዱ የሰዓዳ።

ሰዓዳ የአጥር ማዶ ጎረቤቷ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሱ ጥሩምባ ከሰዓዳ ሳቅ ጋር ተወዳድሮ አንድም ቀን አላሸነፈም። ፒያሳ ስትስቅ ሰኞ ገበያ ያለ ሰው “ምን አሳቃት?” ብሎ ይጠይቃል። በአጥሩ መሀል ሽንቁር አለ፤ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱበት የሰፋ ሽንቁር። በበር መሄድ ለእንግዳ ነው።

ተቀመጡ ሁለቱ። አንድ ቅርጫት መሀላቸው፣ በቅርጫቱ ሁለት የክር ኳስ። ኳሶቹ ክር በተሳበ ቁጥር ብድግ፣ ገልበጥ ይላሉ… ሊተኙ ሲሉ እንደተቀሰቀሱ ጫጩቶች።

ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን ይዞ ይወጣል። ይገባል… ይወጣል።

ያ ደስታ በምን ይነገራል? ክሩ በሌባ ጣት ላይ ሲሄድ ያለው መኮርኮር። ከምንም ነገር፣ ከባዶ አየር፣ ቅጠል ሲወጣ ማየት። ሐሳብ ሁሉ ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ በአንድ የዳንቴል ዓይን ቀዳዳ ሲያልፍ… ንጉሥ ቢጠራት “ይቺን ረድፍ ልጨርስና” ትላለች ዘርትሁን።

ይገባል… ይወጣል።

የዘርትሁን ልጅ ሐረገወይን ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ሙሽራ ያለ ዳንቴል የአልጋ ልብስ ትውጣ? ያውም የዘርትሁን ልጅ?

“ግማሽ ለግማሽ እንሥራው፤” አለች ሰዓዳ። “ልጅቷ የኔም ናት። ራስጌውን አንቺ፣ ግርጌውን እኔ። ወገቡ ላይ እንገናኝ።”

ጀመረች ዘርትሁን ከራስጌ፣ ጀመረች ሰዓዳ ከግርጌ። ስፋቱ እኩል፣ ንድፉ አንድ፤ የወይን ሐረግ። ረድፍ በረድፍ ወደ መሀል መጡ፣ አንድ ዋሻ ከሁለት ጫፍ እንደሚቆፍሩ መሐንዲሶች።

ከዚያ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዝናሽ እህቶቿን አስከትላ ለጥየቃ መጣች። ዳንቴሉ ወጣ፣ ተዘረጋ። የሰዓዳን ግማሽ ዳሰሱ ሴቶቹ። “ውይ ልስላሴው!” አሉ።

ሰዓዳ ሙገሳ ሲያገኛት አፏን የሚይዝላት የለም።

“የኔን ተዉት፣ የዘርትዬን እዩት እንጂ!” አለች። “የሷ ዳንቴል እኮ ውሃ ይቋጥራል። ወላሂ ጥይት አይበሳውም!”

ሳቁ ሴቶቹ። ሳቀች ሰዓዳ፣ ጦሳ ድምፁን እስኪመልስ ሳቀች። ዘርትሁንም ሳቀች፤ በጥርሷ።

እጇ ጠባብ እንደሆነ ታውቃለች ዘርትሁን። ክር ጠበቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፣ ከድሮም። ይህን የምታውቅ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አሁን አማት አወቀች፣ የአማት እህቶች አወቁ… ነገ ደሴ ያውቃል።

በማግስቱ በረንዳው ላይ አንድ ዱካ ወጣ።

በሽንቁሩ ማንም አላለፈም። አንዲት ዶሮ አለፈች፤ እሷም ግራ ገብቷት ተመለሰች።

ሠራች ዘርትሁን፣ ብቻዋን ሠራች። ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን አንቆ ይወጣል። ውሃ ይቋጥራል? ይገባል። ጥይት አይበሳውም? ይወጣል። በሰው ፊት? በልጄ አማት ፊት? ይገባል… ይወጣል… ክሩ እንደ ክራር ጅማት ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ ዜማው ግን ስድብ ብቻ።

ከአጥር ማዶ ሳቅ ጠፋ። የሰዓዳ ባል ከአሰብ መንገድ ተመልሶ ቤቱን ሳተው ይባላል፤ ሳቁን ምልክት አድርጎ ነበር የሚመጣው።

ፋሲካ አለፈ። ሠርጉ ደረሰ።

“እማዬ፣” አለች ሐረገወይን፣ “አልጋዬ ግማሹን ለብሶ ግማሹን ሊበርደው ነው?”

ዘርትሁን የሠራችውን ግማሽ በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች። በሽንቁሩ አልሄደችም። ዞራ፣ በመንገዱ በኩል፣ በበሩ ሄደች። አንኳኳች፣ እንደ እንግዳ።

ከፈተች ሰዓዳ። የሰዓዳ አልጋ ላይ አንዷ ከራስጌ፣ አንዷ ከግርጌ፣ ግማሽ ግማሻቸውን ዘረጉ። መሀሉ ገና ያልተሠራ ክፍተት ነበር፤ እዚያ ነበር ሊገናኙ የነበረው።

አዩ።

የዘርትሁን ግማሽ ጠቧል። ከራስጌ ሲነሣ አልጋውን ሞልቶ ይነሣል፣ ደህና ይወርዳል… ያቺ የሳቁ ዕለት ረድፍ ላይ ሲደርስ መጥበብ ይጀምራል። እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ አልጋው ከግራም ከቀኝም ፍራሹን እስኪያሳይ ጠቧል።

የሰዓዳ ግማሽ ሰፍቷል። ሲቆጡ እጅ እንደሚጠብቅ፣ ሲከፋም ይላላል ለካ። እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ በሁለቱም በኩል ተዘርፍፎ መሬት ይጠርጋል።

ሌላ ሰው ዳንቴል ያያል። እነሱ ግን ያነቡታል። እዚች ረድፍ ላይ ሳቁ። እዚች ረድፍ ላይ ሽንቁሩ ተዘጋ። እዚች ረድፍ ላይ አንዷ ጥርሷን ነከሰች፣ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሁሉም እዚያው ተጽፏል፣ በነጭ ክር።

ጫፉን ያዘች ዘርትሁን። ልትተረትረው።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አለች ሰዓዳ።

“ቁጣዬ ነው ይሄ። ልጄን ቁጣዬን ለብሰሽ እደሪ ልበላት?”

“ሠርጉ እሑድ ነው እኮ! ከተረተርሽው ባዶ አልጋ ነው የምትወርሰው!”

“ባዶ ይሻላታል።”

ሳበች። አንድ ዓይን ተፈታ… ሁለተኛው ተፈታ… ያቺ ትንሽ “ጥርር” የምትል ድምፅ፣ ዳንቴል የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት።

ሰዓዳ ዘላ እጇን ያዘች። “ልቀቂው! ወላሂ ብትተረትሪው በዚህ ኪሮሽ ነው ጆሮሽን የምበሳው!” አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። “ያንቺስ ቁጣ ነው። የኔን እይው እስቲ፣ ዘርትዬ… ይሄ ሁሉ ልቅሶ ነው። የኔ አፍ ጠንቅ ነው እንጂ ያንቺ እጅ ምን አጠፋ?”

ዘርትሁን የተዘረፈፈውን አየች። ይህን ሁሉ ከፍቷት ነበር? ይህን ሁሉ፣ ረድፍ ሙሉ፣ ከአጥር ማዶ?

ለቀቀችው ጫፉን።

ሰዓዳ ሁለቱን ግማሽ እያየች አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች።

“ያንቺን ስጪኝ፤” አለች። “የኔን ውሰጂ።”

“ምን?”

“ያንቺ ጠቧል፤ የኔ እጅ ያሰፋዋል። የኔ ሰፍቷል፤ ያንቺ እጅ ይሰበስበዋል። አንድም ዓይን ሳንፈታ መሀሉ ላይ እኩል እንገናኛለን።”

ያቺ ሐሳብ… ዓባይን መገደብ ከዚህች ሐሳብ ይቀል ነበር፤ ያየ ይመስክር።

በረንዳው ላይ ሁለት ዱካ ወጣ። ቅርጫቱ መሀላቸው። ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን ይዞ ይወጣል። ግን አንድ ችግር መጣ፤ ማንም ያላሰበው። ታርቀዋል! የዘርትሁን ልብ ላላ፣ እጇም ላላ፤ ዳንቴሉ አልሰበሰብ አለ። ሰዓዳም ደስ ብሏት እጇ ጠበቀ፤ ዳንቴሉ አልሰፋ አለ።

“ስደቢኝ እንጂ!” አለች ዘርትሁን። “እጄ ላላ እኮ!”

“ቆርቆሮ ሠሪ!” አለች ሰዓዳ።

“ጨምሪ።”

“ውሃ የምትቋጥር! የዳንቴል ግንበኛ! ያንቺን ዳንቴል ጣሪያ ቢያደርጉት ክረምት አያፈስም!”

“እሰይ፣ ጠበቀ። አሁን አንቺ ልቀቂ። ያ የጠፋው በግሽ ትዝ አይልሽም? እንዴት ባለ ዓይን ያይሽ ነበር…”

“አንቺ! በሞቴ ተይ…” አለች ሰዓዳ፤ እንባዋ መጣ፣ እጇም ላላ።

ስትሰደብ ዘርትሁን፣ ስታለቅስ ሰዓዳ፣ በሳቅ መሀል፣ ይገባል… ይወጣል… ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ሐረጎች መሀሉ ላይ ተያያዙ። እኩል። በክር ጫፍ እንኳ ሳይዛነፉ።

በሠርጉ ማግስት ወይዘሮ ዝናሽ እህቶቿን አስከትላ መኝታ ቤት ገባች፣ አልጋውን ልታይ።

አልጋው ላይ አንዲት ሴት የተጋደመች መሰላቸው። ትከሻው ሙሉ… ከዚያ ሰብሰብ ብሎ ወገብ… ከዚያ ተዘርፍፎ ዳሌ… ከዚያ ቀስ ብሎ እስከ እግር። ሐረጉ በወገቡ ተጠማዝዞ፣ በዳሌው ፈሶ።

ዘርትሁንና ሰዓዳ ከበሩ ኋላ ቆመው ያያሉ።

ወይዘሮ ዝናሽ ዳሰሰች። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች። ወገቡ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ።

“ወገብ ያለው አልጋ ልብስ!” አለች። “በማርያም፣ ይሄ ሞዴል ከየት አገር ነው?”

ሰዓዳ አፏን ከፈተች። ዘርትሁን አየቻት። ሰዓዳ አፏን ዘጋች፤ ይህ በደሴ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

“ከአጥሩ ነው፤” አለች ዘርትሁን። “እኔና ሰዓዳ ነን ያመጣነው።”

ከዚያ ወዲህ በደሴ ወገብ የሌለው አልጋ ልብስ ይዛ የምትወጣ ሙሽራ የለችም። ሐይቅ ደርሷል ሞዴሉ፣ ኮምቦልቻ ደርሷል። ሴቶቹ ግን ተቸግረዋል፤ ወገቡ አልመጣ ብሏቸው ጎረቤታቸውን ሆን ብለው የሚያስቀይሙ አሉ። ለማስታረቅ ሽማግሌ ጠፋ።

ዘርትሁንን “አስተምሪን” ሲሏት ትስቃለች። “ሽጪልን” ሲሏት ሰዓዳ ትስቃለች።

ለገበያ አይደለም።

ክረምቱ ሲገባደድ ሐረገወይን የአልጋ ልብሷን ለእጥበት ወደ እናቷ ይዛ መጣች። ዘርትሁን ከራስጌ ያዘች፣ ሰዓዳ ከግርጌ፤ ጨምቀው፣ አራግፈው፣ ገመዱ ላይ ሰጡት። ከዚያ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቅርጫቱ መሀላቸው።

ወረደ ጉሙ… ከጦሳ ወረደ።

ጣሪያውን አለበሰ። ባሕር ዛፉን አለበሰ። ዘርትሁን ግቢ ገባ፣ ገመዱን አየ፣ ቆመ።

ዛሬ ግን አልሸሸም ጉሙ። ቀስ ብሎ ቀረበ። በዳንቴሉ ዓይኖች ቀዳዳ፣ በሐረጉ መሀል፣ በዚያ በጠበበው በኩል ተሽሎክልኮ ገባ…

ሰዓዳ ክርኗን ነካቻት። “ዘርትዬ፣ እይው እስቲ።”

በአጥሩ ሽንቁር ወጣ ጉሙ፣ ወደ ቦርከና ወረደ… ወገብ አውጥቶ።