ብረት በእንጨት ማሽን

አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፣ የቆላው ከተማችን የጳጉሜ ሙቀት። ለአብዮት በዓል ሦስት ቀን ሲቀር ጓድ አየነው ለበሩ የብረት ኮከብ ይሠራ አለ። ወርክሾፑ በመንግሥት ሲወረስ እኔ ብረት በሚቆርጠው ማሽን፣ በፍሬዛው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ ነበር፤ ኃላፊነቱን ግን ለእሱ ሰጡት። እሱ ስድስት ወር ፖለቲካ ተምሯል። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ።

ፍሬዛው ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሟል።

«በዚህ ቁረጡታ!» አለና አየነው፣ አናጢው ሣህሉ የሚሠራበትን የእንጨት መፈልፈያ አሳየን። «ያም ይሽከረከራል፣ ይሄም ይሽከረከራል።»

«ጓድ፣ ይሄ በደቂቃ ሃያ ሺህ ይዞራል፣ ክብደት የለውም» አልኩ። «ብረት ሲነካ ይዘላል። ፍሬዛ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ ብረቱም በማጥበቂያው በሞርሳ ታስሮ፣ ጠረጴዛው ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል።»

«የአራተኛ ክፍል ፕሮፌሰር!» አለ አየነው።

ሁሉም ሳቁ። ሣህሉም ሳቀ።

«ዋበሪ፣ በዓል ማደናቀፍ አሻጥር መሆኑን ታውቃለህ?» ደብተሩን አወጣ። ከሶማሌው ጦርነት ወዲህ የእኔ ዓይነት ስም እዚያ ደብተር ላይ ከገባ አይወጣም።

ሣህሉ ለኮከቡ የመጣውን ወፍራም ላሜራ ከቢላው ሥር አስቀምጦ እንደ ጣውላ በመዳፉ ተጫነው።

«እሰረው እንጂ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አቦ ተወኝ! ሃያ ዓመት በእጄ ነው የያዝኩት።»

«ሃያ ዓመት የያዝከው እንጨት ነው።»

ማሽኑ ተነሳ። ቢላው ብረቱን ሲነካ ጮኸ፤ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ላሜራው ከሣህሉ መዳፍ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። አውራ ጣቱ ከቢላው አንድ ስንዝር አይርቅም። ማብሪያው ከአየነው ጀርባ፣ እኔ አጠገብ ነው። ባጠፋው ወዴት እንደሚወስዱኝ አውቃለሁ። ባላጠፋው ደግሞ የሣህሉ እጅ አለ፤ የዚያ ሲስቅብኝ የነበረው።

ላሜራው ዘለለ። አጠፋሁት።

ቢላው በቀረው ጉልበት ዞሮ የሣህሉን እጅጌ ቀደደና ተሰብሮ ቆመ።

«ማነው ያጠፋው?» አለ አየነው። አልጮኸም። የእስክሪብቶውን ክዳን ብቻ ከፈተ።

ሣህሉ እጁን አገላብጦ አየው። ከዚያ በዚያው እጅ ወደ እኔ ጠቆመ።

ስምንት ወር ታሰርኩ። አሁን ከሣህሉ ጋር ቀፊራ ገበያ ስንገናኝ «ዋበሪ፣ ደህና ነህ?» ብሎ እጁን ይዘረጋልኛል። እጨብጠዋለሁ። ስጨብጠው ጣቶቹን እቆጥራለሁ፤ አምስቱም አሉ።