አሰልጣኙና መሐላው

የቅዳሜው ልምምድ ሊጀመር ሲል ኦስሎ፣ ስቶቭነር ሜዳ ላይ የተገኙት ሰባት ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸውም ሰላም አላሉትም። ጎይትኦም ምንም እንዳልሰማ ሰው ኳሶቹን ከከረጢቱ አውጥቶ አንድ በአንድ ይነፋ ጀመር።

ይህን የኤርትራውያን ቡድን ሲያሠለጥን ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያው ሳምንት፣ በፈረንጆቹ 2008 ጥቅምት መሆኑ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቡድናቸውን እንዲያሠለጥንላቸው በምስጢር ጠየቁት። እሺ አለ። የተማሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተክሉ እሑድ ለጉባኤው እስኪያሳውቅ ትንፍሽ እንዳይል በማተቡ አስማለው። ጎይትኦም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው ኳስ ተጫውቶ፣ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ የተባረረ ሰው ነው። ሂድ ያለው አገር ልጆች «ና» ሲሉት እምቢ የሚልበት አንጀት አጣ። ላምበርትሴተር በተባለው ሰፈር ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ ስልኩ ከጮኸ ሰንብቶ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ዓርብ ዕለት ስደተኛው በኢንተርኔት በሚወያይበት ፓልቶክ ላይ ተሰማ። ኤርትራውያኑ ከሃዲ አሉት። ከተማሪዎቹ ወገን ደግሞ «ሰው ጠፍቶ ነው?» የሚሉ በዙ።

አምበሉ ተስፋጽዮን ቀረበው። በአንድ አውቶቡስ አብሮት የተባረረ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ጎይትኦም ኦስሎ ውስጥ ዘመዴ የሚለው ሌላ ሰው የለውም።

«ጋሼ፣ ውሸት ነው አይደል?»

ጎይትኦም ኳሱን መንፋቱን ቀጠለ።

«በማተብህ ማልልኝ። አንተ ማል እንጂ እነዚህን ዝም የማሰኛቸው እኔ ነኝ።»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደና ተመለሰ። እውነቱን እንዳይናገር ምሏል፤ በሐሰት ደግሞ አይምልም። በእነሱ ዘንድ ማል ተብሎ ዝም ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷል። ተስፋጽዮን የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ ፈትቶ አግዳሚው ላይ አኖረና ሄደ፤ ስድስቱም ተከተሉት።

ብዙም ሳይቆይ ተክሉ ደወለ።

«ጋሽ ጎይትኦም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጆቹ ተቃውሞ ፈረሙ፤ ኮሚቴውም ሐሳቡን ትቶታል። ከመሐላውም ፈትቼዎታለሁ። የተጻፈ ነገር ስለሌለ፣ አልተጠየቅሁም ቢሉ የሚያጋልጥዎ የለም።»

ከሁለት ያጣ ሆነ። ሜዳው ሰው ሲያጣ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አያውቅም ነበር። ቆየና አንድ ነገር ታየው፤ አሁን «የእነሱ አሰልጣኝ አይደለሁም» ብሎ ቢምል መሐላው እውነት ነው። ልጁ ያምነዋል፤ ማክሰኞም ልምምድ ይኖራል። ሐሳቡ እንዲህ ስለቀለለው አፈረ። ቢያፍርም ደወለ።

ተስፋጽዮን ባቡር ውስጥ ነበር። ቶሎ አነሳው።

«ጋሼ፣ ሐሰት ነው በለኝ። ማል ብቻ።»

«እነሱስ ትተውኛል» አለ ጎይትኦም። «እኔ ግን እሺ ብያቸው ነበር።»

ተስፋጽዮን ስልኩን አልዘጋውም፤ ባቡሩ ውስጥ የጣቢያዎቹን ስም የምትጠራው ሴት ቬይትቬት ስትል፣ በሮቹም ተከፍተው ሲዘጉ ሰማ። ጎይትኦም ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ቀጣዩን ጣቢያ ሊንደሩድን እስክትጠራ ድረስ ጠበቀ።