በስልቻ የከረመ አደራ

ይማም ወንድሙን ይወዳል። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ኋላ የሚመጣውን የሰማ ሰው አይወደውም ብሎ እንዳይፈርድበት። ይወደዋል። ግን አህመዲን ከኦማን ከተመለሰ ወዲህ አገሩ ሁሉ «አህመዲን፣ አህመዲን» ባለ ቁጥር የይማም አንጀት እርር ይላል።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ እርሻው አልቆ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ድንገት በሚቆረጥበት በኩል፣ ንብ የሚሰፍርበት ትልቅ ገደል አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ኅዳር በገባ ቁጥር፣ ከበሬ ቆዳ በተገመደ መጫኛ ወገቡን ታስሮ እዚያ የሚወርደውና የመንደሩን ማር የሚያወጣው ይማም ነበር። ንብ ነድፎት ፊቱ ሲያብጥ እንኳ ሴቶቹ እየተሳሳቁ «ማሻአላህ፣ አማረብህ!» ይሉት ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ግን እንዲህ ነው።

አህመዲን በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሰዋል። ኦማን ስድስት ዓመት የሠራው ባሕር ዳር ካለ አለት ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ መንገድ ላይ ሊወድቅ የደረሰውን ድንጋይ እየነቀለ ነው። ሲመጣ እንደ ሌላው ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን አላመጣም። ገመድ፣ የወገብ መታጠቂያና የሚከፈቱ የሚዘጉ ብልጭልጭ የብረት ቀለበቶች ይዞ መጣ። እሱ «ካራቢነር» ይላቸዋል፤ መንደሩ ቀለበት ብሎ ተገላገለ።

ለአረፋ ሰሞን ሰው ሰብስቦ አሳያቸው። «ብረቱን የሚገድለው ጨው ነው» አለ። «ባሕሩ አጠገብ አየሩ ራሱ ጨው ነው። ከሥራ ስመለስ ፊቴን ሳልታጠብ እነሱን በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፣ በብሩሽ እፈትጋለሁ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ዝገት አንዴ ውስጥ ከገባ ግን ላዩን ማጽዳት ከንቱ ነው። ይጣላል።»

የይማም ሚስት ሱሀይላ ወደ ባሏ ዞረች። «አየህ ጥንቃቄ! አንተ መጫኛህን ሞራ ትቀባና አጥር ላይ ትወረውረዋለህ።»

«እዚህ ባሕር የለ» ብሎ ሳቀ ይማም። የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ አስናቀው ደግሞ ጨመሩበት። «ዘንድሮ ይማም ይረፍ። አህመዲን ይውረድልን።» ይረፍ! ይረፍ የሚባለውስ ያረጀ በሬ ነው። ይማም በዚያ ቀን እራቱን አልበላም።

በሳምንቱ አህመዲን የእጮኛውን ቤተሰብ በክረምቱ እርሻ ሊያግዝ ወደ ወረኢሉ ሄደ። ቀለበቶቹን ለወንድሙ ሰጠው። «ወንድምጋሼ፣ አደራ። እርጥበት እንዳያገኛቸው።»

ይማም ቢቀናም አደራ አይንቅም። ለአረፋ ያረደውን ሙክት ቆዳ ጨው ነስንሶ አድርቆ፣ ስልቻ አድርጎ ሰፍቶት ነበር። በቤቱ ካለው ዕቃ አዲሱና ጥሩው እሱ ነው፤ አባቱም ውድ ነገር ከዝናብ የሚያስጥሉት በቆዳ ነበር። ቀለበቶቹን እዚያ ከተተና አፉን አጥብቆ ጠፍሮ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። ሐምሌና ነሐሴን ሳያባራ ዘነበ። ጭጋጉ እቤት ድረስ እየገባ ተቀመጠ።

ማሩ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልቻውን ፈታው። ቀለበቶቹ ቀይ ለብሰዋል። አንዱን ሊከፍት ቢል እምቢ አለው። ግራ ገብቶት ስልቻውን ገለበጠና የቆዳውን ውስጥ በምላሱ ቀመሰ። ጨው! ባሕሩን ራሱ ሰፍቶ ምሰሶው ላይ ሰቅሎት ከርሟል። ያኔ ለአንዲት አፍታ የተሰማውን ነገር ኋላ ለራሱም መድገም አልወደደም።

ቢናገር ማን ያምነዋል? «ቀንቶ አበላሸበት» ይላሉ። ክፋቱ ደግሞ መቅናቱ እውነት ነው፤ ሳያውቅ የሆነው ጥፋቱ ብቻ ነው። ያልቀና ሰው ቢሆን አልቀናሁም ብሎ ይምላል። ይማም በየትኛው አፉ ይማል? ስለዚህ ከጓሮ ተደብቆ ሦስት ቀን በአመድና በሎሚ ፈተጋቸው፣ ቅቤ ቀባቸው። ላያቸው አበራ። አንዷ ግን መዝጊያዋ ተመልሳ ሳትገጥም በጥቂቱ ክፍት ትቀራለች። «ዝም አይነቅዝም» አለ ለራሱ። ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ መዛጉን ግን ይዝጋል።

የማሩ ቀን አህመዲን ከወረኢሉ አውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ ገደሉ መጣ። ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ቀለበቶቹን ተቀበለና አሸተታቸው።

«ቅቤ ቀብተህልኛል?» ብሎ ሳቀ። ወደ ሰዉ ዞረ። «የወንድሜን እጅ እዩልኝ! ስድስት ዓመት ባሕር ዳር ስኖር እንዲህ አብርተው አያውቁም።»

«የይማም ነገር!» አሉ ጋሽ አስናቀው። ሱሀይላ እንኳ ባሏን ኮራ ብላ አየችው። ዓመቱን ሙሉ የናፈቀው ሙገሳ መጣለት፤ እንደ ሬት መረረው።

አህመዲን ከአንዱም ከሌላውም ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ ታጠቀ። ክፍቷን ቀለበት ልብ ሳይላት እምብርቱ ላይ አንጠለጠላት። ገመዱን አስገባባትና ጀርባውን ለገደሉ ሰጠ።

«ቁም!» አለ ይማም። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ዝገዋል። ጨው ባለው ቆዳ ከትቻቸው በእኔ እጅ ነው የዛጉት። ላያቸውን ፈትጌ ነው ያበራሁት። ያቺ የፊተኛዋ አትዘጋም።»

አህመዲን ቀለበቷን በአውራ ጣቱ ነካ አደረጋት። ከጠርዙ ራቀ።

«በእናቱ ልጅ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ቅናት እኮ ነው» አለ ሌላው። ሱሀይላ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አውቀህ ነው?» አለ አህመዲን።

«ወላሂ፣ አውቄ አይደለም።» እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። አላቆመም። «ግን ዝገው ሳገኛቸው ደስ አለኝ።»

ይማም ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አህመዲን መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለና ከሁለቱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ተቀምጬ ስትወርድ አይህ ነበር። አባባ የኔ አንበሳ ሲሉህ፣ ያ መጫኛ በተበጠሰ እል ነበር። አንድ ቀን ብቻ እንዳይመስልህ። ኦማን የሄድኩትም አንተ የሌለህበት ገደል ፍለጋ ነው።»

ይማም ቀና ብሎ የወንድሙን ፊት አየ።

«እኔ ያለ ቀለበት መውረድ አላውቅበትም» አለ አህመዲን መታጠቂያውን እየፈታ። «በመጫኛህ አንተ ውረድ። እኔ እይዝልሃለሁ።»

በአባቶቻቸው ወግ የገደል ገመድ ለወንድም አይሰጥም፤ ወንድም ወራሽ ነው። የሚይዘው የሚስት ወንድም ነው፤ እሱ እህቱ ባሏ እንዲሞትባት አይፈልግም። የሱሀይላ ወንድም ሙእሚን እንደ ዘወትሩ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ኧረ ይማም፣ ይህ ወግ አይደለም!» አሉ ጋሽ አስናቀው።

ይማም መጫኛውን አስመጥቶ ወገቡን አሰረ። የሙእሚንን እጅ አልፎ የመጫኛውን ጫፍ ለአህመዲን ሰጠውና ወደ ገደሉ ወረደ።