ደረቅ ምንጣፍ

መካኒኩ ተደፍቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ሰደደ። ምንጣፉን ገልጦ ዳበሰ። ደረቅ ነው። የኋላውን ዳበሰ። እሱም ደረቅ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ መኪናው ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። መካኒኩ በገነ።

"እንዴት ነው፣ ወንድም ጋሼ?" አለ ታናሽ ወንድሙ። ጃንጥላውን የዘረጋው ውጭ በቀረው የመካኒኩ ጀርባ ላይ ነው። የራሱ ትከሻ በስብሷል።

"ቆይ እስቲ! መኪና ነው ሙዝ የምትገዛው?"

ደላላው ሳቀ። "ተወው ይፈትሽ። እሱን ጋራዥ ውስጥ 'የአየር ትንበያ' የሚሉት በከንቱ መሰለህ?"

በከንቱስ አልነበረም። ያገለገለ መኪና የሚገዛው በክረምት ነው እያለ ሃያ ዓመት ሰብኳል። በበጋ ሁሉም መኪና ያምራል፤ የሚያፈስ ጣሪያና የበሰበሰ ወለል የሚጋለጠው ሲዘንብ ነው። ደግሞም በክረምት ገዢ ስለሚጠፋ ሻጭ አይኮራም። እውነቱን ነበር። የሰሙት ሁሉ ደህና መኪና ገዝተዋል። እሱ ብቻ በበጋ "ዝናቡ ይምጣ"፣ በክረምት "ዓመቱ ይለወጥና ዋጋው ይውረድ" እያለ እስከ ዛሬ ታክሲ ይጋፋል። ይህን ጥንቃቄ ማለት ጥንቃቄን መስደብ ነው። ሰውየው ፈሪ ነበር፤ ያውም ፍርሃቱን በቀን መቁጠሪያ የሸፈነ ፈሪ።

አሁን ደግሞ ይሄ ልጅ! ጎማ መንፋት እንኳ የማያውቅ፣ ብስክሌት ደግፎ ያስተማረው ልጅ። በበጋ መጥቶ ሲያማክረው "ክረምቱን ጠብቅ" ያለው እስከዚያ ይረሳዋል ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ፦ "ወንድም ጋሼ፣ ዘነበ እኮ!"

ዛሬ ቁርስ ላይ የመካኒኩ ሚስት ይህን ስትሰማ "እሰይ! ከእናንተ ቤት አንድ ወንድ ተገኘ" ብላ ሻይዋን ፉት አለች። እሱ ሻዩን ትቶት ወጣ።

መካኒኩ ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ርጥበት አለው" አለ።

"የቱ ጋ?" ደላላው ጮኸ። "ኧረ ፈጣሪን ፍራ!"

"አንተ ዝም በል! አንተ ለኮሚሽንህ ነው፤ እኔ ግን ለወንድሜ ነው።"

ይህን ሲል አላፈረም። ታናሹ ቢከራከረው የሚመልሰውን አዘጋጅቶ ነበር፦ ሽቦው ይበሰብሳል፣ ወለሉ ይዝጋል፣ የሚመጣው ዓመት ይሻላል። ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም።

"በቃ፣ ይቅራ" አለ።

"ይቅር?"

"አንተ ረጥቧል ካልክ ረጥቧል። ሚስቴ ወሯ ገብቷል፤ የሚወስዳት ባለታክሲ ከአሁኑ ልፈልግ። ልጁ እንደሆነ ወቅት አይመርጥልንም።" ፈገግ አለ። ጃንጥላው አሁንም ከመካኒኩ ራስ በላይ ነው።

መካኒኩ የልጁን የበሰበሰ ትከሻ አየ። ያም አናደደው።

"እጅህን አስገባ" አለው።

"የት?"

"ከምንጣፉ ሥር። ራስህ ዳብስ!"

ልጁ ዳበሰ። "ደረቅ ነው እኮ" አለ ግራ ተጋብቶ።

"አዎ። እጄ ነው የረጠበው።"

ደላላው ፈጥኖ የውሉን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

ውሉ ተፈረመ። ልጁ መሪውን ጨብጦ የጎን በሩን ከፈተ።

"ግባ፣ ላድርስህ።"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

"በዚህ ዝናብ?"

"ሂድ አልኩህ!"

መኪናው እየተንፏቀቀ አለፈው። መካኒኩ አንገቱን ቀብሮ ጥቂት እንደተራመደ ከመኪናው ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማ። የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው ነው፤ ላልቷል። ሌላ ጆሮ አይሰማውም። ዝም ቢል ልጁ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆማል፤ ምናልባትም ያቺ ወሯ የገባ ሴት ውስጥ ሆና።

"ቁም!" ብሎ ሮጠ። ልጁ ደስ ብሎት በሩን ከፈተለት።

"ቺንጋው ይጮኻል። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እኔ ጋ አምጣው። ሌላ ሰው እንዳይነካው!"

አልገባም። የረጠበ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በሩን ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋው።