በጾም የተመረጠ ማሽን

በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እኔና ባለቤቴ አብዱልሐሚድ ደግሞ፣ ሌላ ጊዜ የጠፋ ይመስል፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ለምንከፍታት ትንሽ ካፌ የማኪያቶ ማሽን ልንገዛ ወጣን።

አሮጌ ማሽን አድሰው የሚሸጡት አቶ ኣፅብሃ ሁለት አሳዩን። አንዱ ባለቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ቡናውን ራሱ ያወርዳል። ሌላው በረጅም እጀታ እየተሳበ የሚሠራ ነው። የአብዱልሐሚድ ዓይን እጀታው ላይ ቀረ።

«ይሄ የወንድ ጉልበት ይፈልጋል። ባሬስታ እንቀጥራለን፤ አንቺ ሂሳብ ትቀበያለሽ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ካፌውን ያሰብኩት እኔ፣ ቤቱን ዞሬ ያገኘሁት እኔ፤ ማኪያቶውን ሌላ ሰው ሊሠራው?

«ባለቁልፉን ነው የምንወስደው!»

«ሳንቀምስ?»

እውነቱን ነው። ግን ማን ይቅመስ? እኛ ጾመኞች ነን፤ አቶ ኣፅብሃም በሁዳዴ ወተት አይነኩም። ተያይተን ሳቅን።

«በቃ፣ እዚሁ አፍጥሩ» አሉን።

አዛን ሲል በቴምር አፍጥረን ከሁለቱም ቀመስን። ሁለቱም ማር! ቀኑን ሙሉ ውሃ ላላየ ጉሮሮ ምን የማይጥም አለ? አብዱልሐሚድ የመጀመሪያውን ቀምሶ «ወላሂ ይሄ ነው!» አለ፤ ሁለተኛውንም ቀምሶ እንደዚያው። አቶ ኣፅብሃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳምቡሳ አስመጥተን ከጠገብን በኋላ እንደገና አስቀዳሁ። አሁን ልዩነቱ ታወቀ። የባለቁልፉ ውሃ ውሃ አለኝ፤ የባለእጀታው ግን ወፍራም፣ ጣፋጭ ነው። የገዛ ምላሴ ከባሌ ጋር አበረብኝ! መጥፎ ማኪያቶ መሸጥ አልፈልግም፤ ከማሽኑ መራቅንም አልፈልግም።

ተነሣሁና ወደ እጀታው ሄድኩ። ቁመቴ አልደረሰም። ጥግ ላይ የነበረ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበትና በሁለት እጄ ወደ ታች ሳብኩት። አመለጠኝ፤ ተስፈንጥሮ አገጬን ሊያወልቀው ነበር። አብዱልሐሚድ ሊያግዘኝ ብድግ ሲል «ቁጭ በል!» አልኩት። ሁለተኛ ሳብኩትና ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። ቡናው ወፍሮ ወረደ። ወተቱን አሙቄ ጨመርኩበትና ሰጠሁት።

ጨለጠውና ባዶ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ድገሚኝ።»

ደገምኩት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እሱንም ሲጨርስ ወደ አቶ ኣፅብሃ ዞረ።

«ባለእጀታውን እንወስዳለን» አላቸው። «ሳጥኑንም ይጨምሩልን።»