የኢንጂነር ሕዝቅያስ ስምንት ፒስተኖች

ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪና አካባቢው ያለ አበሻ ሁሉ ሕዝቅያስን የሚጠራው «ኢንጂነር» እያለ ነው። እሱም አቤት ይላል። ጥፋቱ እንግዲህ አቤት ማለቱ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ዳላስ በገባ በሳምንቱ፣ አንዱ «አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?» ቢለው «የመንግሥት ጋራዥ» ብሎ መለሰ። ይሄ እውነት ነው፤ በታቦት ያስምላል። ጋራዡ ውስጥ የሠራው ግን ግምጃ ቤት ነበር። ከሽቦ ወንፊቱ ጀርባ ቆሞ፣ መካኒኮቹ የዕቃ መጠየቂያ ፎርም ፈርመው ሲያቀርቡለት፣ መለዋወጫ እየቆጠረ ያስረክባል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ብሎን ፈትቶ አያውቅም። ጠያቂው ግን «ኦ፣ መካኒክ ነሃ!» አለ፤ ሕዝቅያስ ዝም አለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ኢንጂነር ሆኖ ራሱን አገኘው።

ከዚያ ወዲህ መኪናው የተንኳኳበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ወይ «ደህና ነው፣ ንዳው» ይላል፣ ወይ «ይሄ ጋራዥ ይግባ» ይላል። ከሁለቱ አንዱ መቼም መሆኑ አይቀር! የሳተ ጊዜ ጥፋቱ የቴክሳስ ሙቀት ነው። ጢሙን ሲላጭ መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ «አንተ ቀጣፊ» የሚልበት ቀን ነበረው፤ ተላጭቶ ሲጨርስ ግን ይረሳዋል።

የቤንዚን ጋሎን አራት ዶላር በገባበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ ትልቅ መኪናውን ሸጦ ቆጣቢ ሲገዛ፣ የኛ ኢንጂነር የሰማንያ አምስት ስሪት ላንድክሩዘር ገዝቶ መጣ። ያን መኪና በግምጃ ቤቱ ዘመን በመለዋወጫ ቁጥሩ በቃሉ ያውቀው ነበርና ባየው ጊዜ ሆዱ ባባ። ሚስቱ ሰርካዲስ አንድ ጊዜ ዞረችውና «ይሄ መኪና ነው ወይስ ጡረተኛ?» አለች። እውነቷን ነው። የፊት ፍሬኑ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ሲረገጥም ወደ ግራ ይጎትታል።

በዚያው ሰሞን ሪቻርድሰን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ኤዶም ትንሿ መኪናዋ ሞተችባት።

«ሶ፣ አባዬ» አለችው፣ «አንተ ፊክስ ካደረግከው እኔ ድራይቭ አደርገዋለሁ። ኦኬ?»

ምን ይበል? «ኦኬ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ልጁ በየቀኑ ሀይዌይ ላይ የምትበርበትን መኪና ፍሬን፣ ፍሬን ነክቶ የማያውቅ ሰው ሊሠራው ቃል ገባ። ጋራዥ ውሰጂው እንዳይላት ኢንጂነር ነው። ያን ቀን ራት አልበላም፤ ኩራቱ ራቱ ሆነ።

ዕቃ መምረጡ ላይ ግን፣ እውነቱ ይነገር፣ ንጉሥ ነው። ከየፊት ጎማው በስተጀርባ የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው ካሊፐር አለ፤ በእያንዳንዱ ካሊፐር ውስጥ አራት ፒስተን፣ በድምሩ ስምንት። አሮጌዎቹ ፒስተኖች ዝገት በልቷቸው ፊታቸው ፈንጣጣ የወጣበት ሰው መስሏል፤ ዙሪያቸውን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹም፣ ደርቀዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እንደወጣ ይመርጣል። በኢንተርኔት ያዘዛቸው ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ፒስተኖች እንደ መስታወት ያበራሉ፤ እሱ ግን ጥፍሩን አንዴ ሳብ ሲያደርግባቸው የማሽን ጭረት ተሰማው፣ መልሶ ላካቸው። ሌላው ሻጭ ጎሚኒውን በግማሽ ዋጋ ሰጠው፤ ጥቅሉን ገልብጦ የተመረተበትን ቀን ሲያይ ዐሥራ አንድ ዓመት መደርደሪያ ላይ ኖሯል። «ጎሚኒ ቆሞም ያረጃል፣ እንደኔ» ብሎ መለሰለት።

በመጨረሻ አንድ የድሮ መለዋወጫ መደብር ሄደ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ራሰ በራ የቴክሳስ ሽማግሌ ሦስት ዓይነት ዕቃ ደርድሮለት ያየው ጀመር። ሕዝቅያስ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አመሳከረ። የጎሚኒውን ጠርዝ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አዙሮ ዳበሰው። ጥቅሉ የተቀደደውን ወደ ጎን ገፋ፣ ክሮም የተለበጡትን ፒስተኖች አንድ በአንድ ብርሃን ላይ አሽከረከረ፣ ስምንቱን ለይቶ አስቀመጠ።

ሽማግሌው ፈገግ አለና «አንተ የዕቃ ቤት ሰው ነህ» አለው። «አርባ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። የሙያዬን ሰው አላጣውም።»

እዩት እንግዲህ! በሃያ ዓመት ውስጥ ማንነቱን ያወቀለት ብቸኛ ሰው። እጁን ጨብጦ «እንዴት አወቅህ ወንድሜ!» ማለት ሲገባው፣ ጆሮው እስኪቀላ ተቆጣ።

«መካኒክ ነኝ» አለ።

«ይቅርታ» አለ ሽማግሌው። ከመደርደሪያው ትንሽ ቱቦ አውርዶ ዘረጋለት። «ለጎሚኒው የሚቀባ ነው። ያስፈልግህ ይሆን?»

«አውቃለሁ፣ አለኝ» አለ ሕዝቅያስ። አያውቅም፤ የለውምም።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቱን ጋራዥ ከፍቶ ሥራ ጀመረ። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቱ ጳውሎስ ወንበር ይዞ መጥቶ ያደንቃል። ፒስተኑ አልገባ አለ። ጎሚኒው ደረቅ ነው፣ ይነክሳል፣ ይጠማዘዛል። ሕዝቅያስ ላቡ ጠብ ሲል ከልጅነቱ ጀምሮ ለከንፈርም ለተረከዝም ለሚጮህ በርም መድኃኒት የሆነው ነገር ትዝ አለው። ከሰርካዲስ መታጠቢያ ቤት የቫዝሊን ቆርቆሮ አመጣና ስምንቱንም ለቅልቆ ለቅልቆ አስገባቸው። እልም ብለው ገቡ!

«ይሄ ነው ሙያ ማለት» አለ ጳውሎስ።

የፍሬን ዘይት ሞላ፣ አየሩን አስወጣ፣ መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ምሽት ኢንጂነር ሕዝቅያስ ራሱን ከልቡ አመነ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበላ። ኤዶም ቦርሳዋን ይዛ ቁልፉን ከግድግዳው አነሳች። ጳውሎስም «የምርቃት ቀን ነው» ብሎ መጥቷል። ሕዝቅያስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያስተካክላል፤ የዕቃ ቤት ሰው ወረቀት አይጥልም። ከጎሚኒው ጥቅል ውስጥ የወጣችውን ብጣሽ ፋይል ውስጥ ሊያስገባ ዘረጋት፣ አነበባትም። ከፔትሮሊየም የተሠራ ቅባት በፍጹም አይንካው፤ ጎሚኒው ያብጣል፣ ፍሬኑ ይይዛል። ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ሄደና ቆርቆሮውን አዞረው። ፔትሮሊየም ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀባው አንድ ቀን እንኳ አላነበበውም።

ሲመለስ ኤዶም በሩ ላይ ናት።

«ኤዱዬ፣ ዛሬ አትሂጂበት።»

«ለምን?»

«ዘይቱ… መርጋት አለበት።»

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ።»

«እሑድ ደግሞ በተጠገነ መኪና መንገድ አይጀመርም» አለ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለች ሰርካዲስ።

«አንተ ራስህ የሠራኸውን?» አለ ጳውሎስ። «ኢንጂነር፣ ምን ነካህ? ትሂድ እንጂ!»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ሕዝቅያስ ልጁን አያት፤ ቁልፉን ጣቷ ላይ ታዞረዋለች። ስሙ ከመቃብር በላይ ሊውል፣ እሷ ከሥር ልትሆን ነው?

«እኔ መካኒክ አይደለሁም» አለ። «ሆኜም አላውቅም። ዕቃ ቤት ነበርኩ። ፒስተን እቆጥር ነበር እንጂ ገጥሜ አላውቅም። ትናንት ቫዝሊን ቀብቼበታለሁ፤ ሀይዌይ ላይ ይይዝብሻል።»

መጀመሪያ የተነፈሰው ጳውሎስ ነው።

«ታዲያ አምና የኔን መኪና ‹ትራንስሚሽኑ ሞቷል፣ ሽጠው› ያልከኝ?»

«ይቅርታ ጳውሎስ።»

«ሸጥኩት እኮ! ገዢው እስካሁን እየነዳው ነው!»

«ጉድ!» አለች ሰርካዲስ። «እኔ ለእናቴ ኢንጂነር አገባሁ ብዬ ነው የጻፍኩላት።»

ኤዶም ግን ቁልፉን አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ወጥታ የእናቷ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

እሱ እየነዳ ወደ ሪቻርድሰን ሄዱ። ሕዝቅያስ ትስደበኝ ብሎ ይጠብቃል፤ ስድብ ቢሆን ቀሎት ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አምና ከጓደኞቼ ጋር ሂዩስተን ስንሄድ፣ ማለቴ፣ የትንሿ መኪናዬ ብሬክ ድምፅ አለው ብዬህ ነበር። አይተህ ‹ደህና ነው፣ ሂጂ› አልከኝ። አየኸው?»

ለመዋሸት አፉ ተከፈተ፤ ልማድ ነው። ዘጋው።

«አላየሁትም» አለ። «ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ።»

«ለብሬክ? ጆሮህን?»

«አዎ።»

«መኪናው ቆሞ?»

«ቆሞ።»

ኤዶም ሳቀች። ሳቋ አልቆም አለ፤ እሱም አብሯት ሊስቅ ሲል ማልቀሷን አየ። እሑድ የተዘጋ የአንድ ቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«አራት ሰው ነበርን አባዬ» አለች። «አራት ሰው። ጓደኛዬ ናኦሚ ፈርታ ነበር። እኔ ግን ‹አባቴ አይቶታል› አልኳት።»

ሕዝቅያስ ሃያ ዓመት የሳቀበት ጆሮ ማስጠጋት ምን እንደነበረ አሁን ገባው። የማያውቃቸው እናቶች ልጆች ያ መኪና ውስጥ ነበሩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለ።

ኤዶም አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀበቶዋን አሰረች።

«ድራይቭ አድርግ» አለችው። «ማጥናት አለብኝ።»

ሕዝቅያስ ወደ መንገዱ ወጣ። ቀዩ መብራት ገና ሩቅ ሳለ ፍሬን ያዘ።